ሌሊቱ ወደሚሞቅበት ሂጂ

ሰላም ውድ አንባቢዎች። የዛሬው ደብዳቤ ከዚሁ ከጎንደር ነው፤ ከአዘዞ። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አውጥቼ ላቅርበው።

«34 ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ። ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው፤ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ አለችን። ሥራዬ አዳር ይበዛበታል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ከአዳር ወጥቼ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ብተኛም አይሞቀኝም። የዕቁባችን የመጨረሻ ዕጣ የእኔ ስለሆነ ጥር ላይ ገንዘብ ይደርሰኛል። እኔም ባለቤቴም ባሕር አይተን አናውቅም። አንድ ሳምንት ሞቃት የባሕር ዳርቻ ሄደን ዝም ብለን ብንተኛ ብለን ተመኘን። ባለቤቴ እግረ መንገዳችንን ናይሮቢንም እንይ፣ የዱር አራዊትም እንይ ይላል። ችግሩ የዋርሳዬ ሠርግ ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ አማቴ ከዕቁቡ ብዙ ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ‹ስልጠና አለን ብለን እንሂድ› አለኝ። እህቴ ደግሞ ‹ውኃ ለማየት ጎርጎራ ምን አላት፣ ገንዘብሽን አታባክኚ› ትለኛለች። መሄዳችን ነውር ነው? ከሄድንስ ወዴት ይሻላል? ዋና አልችልም።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ። ቁርጡን ልንገርሽ፤ ሂዱ። ነውር የለበትም። ሌሊት ሌሊቱን የሰው ልጅ ስታስታምሚ ከርመሽ አንድ ሳምንት ብትተኚ ማንን በደልሽ? ግን ከመሄዳችሁ በፊት ቦታውን በደንብ ማሰብ አለባችሁ። ያንን የስልጠና ነገር ደግሞ መተው አለባችሁ።

ከብርዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም የት መሄድ እንዳለብሽ የሚወስነው እሱ ነው። የጎንደር በጋ እኮ ቀኑ አይቀዘቅዝም። በታኅሣሥና በጥር እኩለ ቀን ላይ ፒያሳ ብትወጪ ሰዉ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ሙቀቱ 26 እና 27 ዲግሪ ይደርሳል። ጉዱ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከተማችንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚያስቀርለት ደመና ስለሌለ ሁሉንም ይለቀዋል። ሊነጋጋ ሲል ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን ከዚያም በታች። ሌላው ሰው ያንን ሰዓት ቡልኮ ውስጥ ሆኖ ያሳልፈዋል። አንቺ ግን ኮሪደር ላይ ነሽ። የሰውነት ሙቀት ደግሞ በተፈጥሮው ዝቅ የሚለው በዚያው ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ ወጥቶ ከተማው ሲሞቅ አንቺ መጋረጃ ዘግተሽ ተኝተሻል። ከጎንደር በጋ ላንቺ የደረሰሽ ብርዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ሞቃት ቀን ብቻ አይደለም። ሞቃት ሌሊት ነው፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ መተኛት።

በነገራችን ላይ ሁልጊዜ የሚበርደው ሰው ደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ይህን ሌላ ሴት ብትነግርሽ ኖሮ ቀድመሽ «ተመርመሪ» ትያት ነበር። ለራስሽም አድርጊው፣ የደም ምርመራ ነው፣ አጠገብሽ ነው ያለው።

ደግሞ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል፣ ወቅቱ ስለሆነ። ከሰል አቀጣጥላችሁ ማንደጃውን መኝታ ቤት አታስገቡ። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው ሰው ይገድላል። የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ የተኛው ሰውም ሳይነቃ ይቀራል። በየዓመቱ በብርድ ወራት ይህን እንሰማለን። እባካችሁ።

አሁን ወደ ስልጠናው ወሬ። አታድርጉት። ባልሽ በክፋት እንዳላሰበው ገብቶኛል፣ እናቱን ላለማስቀየም ነው። ግን እስቲ እናስበው። ፊታችሁ በፀሐይ ጠቁሮ ትመለሳላችሁ። ልጅቱ ሰምታ «እማዬ ባሕር ሄዳ ነበር» ትላለች። ኤርፖርት ላይ የሚያውቃችሁ ሰው አይጠፋም። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳምንት አይደበቅም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን እዚያው የምትሆኑት ነገር ነው፤ ስልክ በጠራ ቁጥር መደንገጥ፣ የባሕሩ ድምፅ እንዳይሰማ ወደ ክፍል መሮጥ፣ «ስልጠናው እንዴት ነው» ሲባል ሌላ ውሸት መፈለግ። ከሥራ ያልተናነሰ ድካም ነው። «ለህክምና ነው የሄድነው» የሚል ሐሳብማ ጭራሽ እንዳይመጣባችሁ፣ በራስ ላይ ማሟረት ነው፣ አማትሽም ሱባዔ ይይዙላችኋል፣ ከዚያ እውነቱ ሲወጣ በምን ዓይን ታዩዋቸዋላችሁ?

እኔ የምልሽ ይሄ ነው። ዕቁቡ እስኪደርስ አትጠብቁ። አሁን በኅዳር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማትሽ ቤት ሂዱ። ቡናውን ጠጡ። ከዚያ የሚናገረው ባልሽ ይሁን፣ እናቱ ናቸው፣ አንቺ ከተናገርሽ «ልጄን ያስቀየረችው እሷ ናት» ይሆናል ነገሩ። «እማዬ፣ ለወንድሜ ሠርግ ይህን ያህል ብር እናግዛለን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደግሞ እኔና እሷ አንድ ሳምንት ሄደን አርፈን እንመጣለን፤ አዳሩ ጎድቷታል» ይበል። ብሩን በቁጥር ይጥራው። ቁጥር ካልተነገራቸው የሚጠብቁት ሙሉውን ነው፣ ከዚያ የሰጣችሁት ሁሉ የጎደለ ይመስላል። ቁጥሩን ሰምተው ሊያዝኑ ይችላሉ። «እኛ በእናንተ ዕድሜ የት ሄድን» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው፣ አልሄዱም፣ ልጅ ሲያሳድጉ ነው የኖሩት፤ ስለዚህ አትከራከሯቸው፣ ብቻ አዳምጧቸው። ያ ብር ደግሞ ዕቁቡ በገባ ማግስት እጃቸው ይግባ። «ከጉዞ ስንመለስ» የሚባል ነገር አይኑር።

ልጅቱን እሳቸው ጋር ተዋት። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፣ ልጄን ጥዬ እንዴት ባሕር እያየሁ እቀመጣለሁ ትያለሽ። ግን ለእሷም ፓስፖርት፣ ለእሷም ቲኬት ሊሆን ነው፤ ከዚያም በላይ ዋና የማይችል ሰው ውኃ ዳር የ6 ዓመት ልጅ ይዞ ዓይኑን አይከድንም። አማትሽም አደራ ሲሰጣቸው ነገሩ ከእሳቸው ጀርባ የሆነ አይመስላቸውም፤ እሳቸውም አግዘው ያስኬዷችሁ ጉዞ ይሆናል። አያት ቤት አንድ ሳምንት ደግሞ ለልጅም ዕረፍት ነው።

ጊዜውን እንመልከት። ጥምቀትን ጎንደር ሆነሽ አሳልፊው። ሰው ከዓለም ዳርቻ እየመጣ የሚያየውን የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ትተሽ የት ትሄጃለሽ? ለነገሩ በዚያ ሰሞን ፈቃድም አይሰጡሽም፣ ከጥምቀት ማግስት ደግሞ ከጎንደር የሚወጣው አውሮፕላን በእንግዳ ይሞላል። ቀጥሎ ሠርጉ አለ። እሱ ሲያልፍ፣ የመልሱም ግርግር ሲያበቃ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ሂዱ። ትምህርት ቤቱ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት የሚያደርገው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ባልሽም ይመቸዋል። ከገናና ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ የሆቴሉም ዋጋ ቀነስ ይላል። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በዚያን ጊዜ ሞቃትና ደረቅ ነው፤ ዋናው ዝናብ የሚጀምረው በመጋቢት መጨረሻ ሲሆን እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም ቢገባባችሁም አትጨነቁ፣ እዚያ ባቄላና ቦሎቄ በኮኮናት ወተት የሚሠሩት ወጥ አለ፣ ከቻፓቲና ከሩዝ ጋር ይበላል፣ ጾመኛ አይቸገርም።

ወዴት ለሚለው እህትሽ ያነሳችውን ጎርጎራን በቅንነት ልመልስ። ጎርጎራ ውብ ነው። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች ያላያችሁ ከሆነ እነሱን ለማየት ብቻ አንድ ቀን ሂዱ፤ በገበታ ለሀገር የተሠራውም ማረፊያ ያምራል። ላንቺ ጉዳይ ግን መፍትሔ አይሆንም። 1,000 ሜትር በወረድሽ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጎንደር የሚወርደው 300 ሜትር ብቻ ስለሆነ የምታተርፊው 2 ዲግሪ ነው፣ ጋቢሽን ከትከሻሽ አታወርጂም። በዚያ ላይ ጣና ዳር ዳሩን ቢልሃርዝያ የሚባለው ከውኃ የሚይዝ በሽታ አለበት፣ ይህን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ ውኃ ዳር ሄዶ እግር ሳይነክሩ መመለስ ደግሞ ልብ አያደርስም።

ላንጋኖ ሐይቅ 1,580 ሜትር አካባቢ ነው። ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ሰው ይዋኝበታል፣ አሸዋም አለው። ግን አዲስ አበባ በርራችሁ፣ ከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄዳችሁ፣ ሌሊቱ አሁንም ሹራብ ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ይሻላል። 1,285 ሜትር ላይ ስለሆነ ሌሊቱም ለቀቅ ያለ ነው፣ ከአዲስ አበባም አውሮፕላን አለው። ጫሞ ሐይቅ አዞ ስላለበት መዋኘት የለም፣ ላንቺ ግን ይህ አያሳስብሽም፤ ከፍ ካለው ሠፈር ሆኖ ጫሞንና አባያን፣ ሁለቱን ሐይቆች፣ እያዩ መተኛት ራሱ ዕረፍት ነው። ዕቁቡ ከሠርጉ ተርፎ ለውጭ ጉዞ ካልበቃ አርባ ምንጭ ሂዱ። ለዚህ ብላችሁ ብድር እንዳትገቡ፤ ተበድሮ ያረፈ ሰው ገና ከመመለሱ ሌላ አዳር መጨመር ይጀምራል።

ገንዘቡ ከበቃ ግን ባሕሩ ዘንድ ሂዱ። ምክንያቱም ይሄ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ስትሆኚ 2,100 ሜትር ወርደሻል፣ በዚያው ስሌት ወደ 14 ዲግሪ ማለት ነው። ውኃው ደግሞ ሙቀቱን እንደኛ መሬት ቶሎ አይለቅም፣ ቀን የያዘውን ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል፣ ስለዚህ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ሞምባሳ በጥርና በየካቲት ቀኑ 32 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ሌሊቱ ከ23 እና ከ24 እምብዛም አይወርድም። አንድ አንሶላ ለብሰሽ ትተኛለሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ነፋሱ እየገባ፣ እግርሽ ሳይደነዝዝ። የጎደለሽ እሱ ነው፣ በሐይቅ ዳር አታገኚውም።

ለምን ሞምባሳ? ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሁለት ሰዓትና ትንሽ ነው። ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ በዚያን ወራትም አየሯ ደስ ይላል፣ አማርኛ የሚናገር ሰውም ሞልቷል፤ ግን ገንዘቧ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ሆቴሉ ውድ ነው፣ ቪዛም ይጠይቃል። ዛንዚባር እጅግ ያምራል፣ ሆኖም ወጪው ይበዛል፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የሚገዛው የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስም ተጨምሮበታል። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከጎንደር እስከ አዲስ አበባም በአውሮፕላን ሂዱ። የየብሱ መንገድ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለማረፍ የወጣ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ መጓዝ የለበትም። ሌላ ቦታ የምትቆጥቡት ብር ይኖራል፣ እዚህ ላይ አይሁን።

ሞምባሳ ደርሳችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ከከተማው በሰሜን ኒያሊና ባምቡሪ አሉ፤ በድልድይ ይሻገራሉ፣ ቅርብ ናቸው፣ ሰውም ይበዛባቸዋል። በደቡብ በኩል ደግሞ ዲያኒ አለ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሊኮኒ ላይ በጀልባ ይሻገራል። እኔ ዲያኒን እመርጥልሻለሁ። አሸዋው ነጭና ረጅም ነው፣ ፀጥ ይላል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የዛጎል ድንጋይ ሸንተረር ስላለ ትልቁ ማዕበል እዚያ ይሰበራል፤ ዳር ላይ የሚደርሰው ውኃ የለዘበ ነው። ዋና ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሸዋው ላይ የተሠራ ሆቴል ካልሆነ አትበሉ፤ ባሕር ዳርቻው የሕዝብ ስለሆነ አሥር ደቂቃ በእግር ከሚወስድ ከመንገድ ማዶ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ሆናችሁ ያው ባሕር ጋ ትደርሳላችሁ፣ ዋጋው ግን በጣም ይለያያል። ክፍል ስትይዙ አጎበር አለ ወይ፣ ማራገቢያ አለ ወይ፣ ከአየር ማረፊያ መኪና ትልካላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ባልሽን የሚያስከፋ ነገር ልናገር። ናይሮቢ ይቅር። የዱር አራዊቱም ይቅር። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ መኪና ላይ ተቀምጦ ዝሆን ፍለጋ መሄድ ላንቺ ሌላ አዳር ነው። የታሪክ መምህር ስለሆነ አንድ ጠዋት ብቻ ለእሱ ስጪው፤ ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፣ ከፋሲል ግንብ በ40 ዓመት ያህል ይቀድማል፣ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የእኛም ሰዎች እኮ ከባሕር ሩቅ አልነበሩም፤ የጎንደር ነጋዴ ቅፍለት ይዞ ወደ ምፅዋ ይወርድ ነበር። ይህን እዚያ ቆሞ ያስብበት፣ ተማሪዎቹም ይጠቀማሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሙሉ ባዶ ይሁኑ። ባዶ ስልሽ የምር ባዶ፤ ምን እንበላና መቼ እንተኛ ከሚለው ሌላ ሐሳብ የሌለበት።

እንቅልፍሽ መጀመሪያ ላይ እንቢ ይልሻል። አዳር የለመደ ሰውነት በአንድ ሌሊት አይመለስም። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቤትሽ እደሪ፣ ከአዳር ወጥተሽ በቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ እንዳትሄጂ። እዚያም ጠዋት ተነስተሽ ፀሐዩ ውስጥ ተራመጂ፣ ቀን ላይ ብዙ አትተኚ፣ ሲመሽ ስልኩን አርቂው። ሁለትና ሦስት ሌሊት ሲያልፍ እንቅልፉ ይመጣል። ስትመለሺ ደግሞ አዳር ቢቀጥልም ከሰዓት በኋላ ስትነቂ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሙቂ። ጎንደር ያንን ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች።

ስለ ውኃው። ባሕር እንደ ሐይቅ አይቆምም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ አሸዋና ድንጋይ ይገለጣል፣ ሰው እየተራመደ ይሄዳል፣ ኮከብ የመሰለ ዓሣና ትንንሽ ሸርጣን ያያል። ደስ ይላል። ግን ሲመለስ ቀስ ብሎ ከኋላ ስለሚከብ መቼ እንደሚሞላ ጠዋት ሆቴሉን ጠይቁ፣ ብቻችሁንም ርቃችሁ አትሂዱ። ድንጋዩ መካከል እሾሃም የባሕር ጃርት አለ፣ እግር ከወጋ ለቀናት ያነክሳል፤ የፕላስቲክ ጫማ አድርጋችሁ ግቡ። ከጉልበት በላይ አትግቢ፣ ባልሽም ዋና ካልቻለ እንደዚሁ። ዳር ላይ ተቀምጠሽ ውኃው እየመጣ ቢነካሽ ይበቃል፣ ሙቅ ነው።

ልብሱ ካሳሰበሽ አይዞሽ። አካባቢው ሙስሊም የሚበዛበት ስለሆነ ሙሉ ልብስ ለብሰው ውኃ ውስጥ የሚገቡ ሴቶች ብዙ ናቸው። በቀሚስሽ ብትገቢ ማንም አያይሽም። ፀሐዩን ግን አትናቁት፣ የምድር ወገብ አጠገብ ናችሁ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ልክ አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ሁኑ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፤ እኛ ደገኞች ላብ አልለመድንም፣ ሳይታወቀን ነው የሚደርቀን። ሰዓትን በሚመለከት አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ በስዋሂሊም ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው፣ ከነጋ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ለእነሱም 1 ሰዓት ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ እሱን አትሳቱት።

ጠረፉ ላይ ወባ አለ። የጎንደር ሰው ደግሞ ወባን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ተመርመሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚሠራው፣ አንዴ ከተከተባችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ፌስታል አትያዙ። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፣ ሻንጣ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትም ቢሆን ችግር ያመጣል። በጨርቅ ጠቅልሉ። ዶላር ከጎዳና ላይ አትግዙ፤ ፓስፖርትና ቲኬት ይዛችሁ ባንክ ከሄዳችሁ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ዳርቻው ላይ ዕቃ የሚሸጡ፣ በጀልባ እንውሰዳችሁ የሚሉ ልጆች ይከተሏችኋል። ሰላም ብላችሁ፣ አመስግናችሁ እለፉ፤ መግዛት ካማራችሁ ዋጋውን መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ለዛሬ ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ሁለታችሁም ፓስፖርት ከሌላችሁ ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ ዛሬውኑ ሙሉት፤ ቀጠሮና ሕትመት ጊዜ ይወስዳል፣ የካቲት ሩቅ መስሎ እንዳያታልላችሁ። ፓስፖርት ካላችሁም ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን እዩ። ፓስፖርቱ እጃችሁ ሳይገባ ቲኬት አትቁረጡ፣ ስትቆርጡም ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ ይጻፍ፣ አንድ ፊደል ቢዛነፍ አየር መንገዱ ጋ መመላለስ አለ። የዓመት ፈቃድሽን ደግሞ ለአለቃሽ በጽሑፍ አስገቢ፣ በዚህ ሳምንት። የየካቲት የአዳር ፕሮግራም አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ማስለወጥ ምን እንደሚመስል አንቺው ታውቂዋለሽ።